የካርታ ባዶ ቦታ ወደ ሸዋ ያመጣው መንገደኛ

በ1834 ዓ.ም በመጋቢት ወር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1842፣ አንድ ጀርመናዊ መንገደኛ ከአንኮበር ተነሥቶ በተጉለት ደጋ በኩል ወደ ሰሜን ሲያመራ ሰላ ድንጋይ ደረሰ። የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ መኖሪያቸው በዚያ ነበርና፣ እጅ ነሥቶ ሊሰናበታቸው ወደ ግቢያቸው ገባ። ሰውየው ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት የእርሱና የባልንጀራው የጉዞ ማስታወሻ በለንደን ታተመ፤ ከመጽሐፉም ጋር ከማስታወሻው የተቀዱ ሁለት የተቀረጹ ካርታዎች ወጡ። እንዲህ ያሉ ካርታዎች ዛሬ በአውሮፓ ከተሞች በአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎች ዘንድ በውድ ይሸጣሉ፤ ሰብሳቢዎችም በመስታወት ከልለው በግድግዳ ይሰቅሏቸዋል። ስለ መስመራቸው ቅጥነትና ስለ ፊደላቸው ውበት የሚደነቁት እነዚህ ወረቀቶች ግን ማን ለማን እንደ ሠራቸው፣ ማንስ ተናግሮ ስሙ እንደ ቀረ በላያቸው አልተጻፈም። የክራፍ ሕይወት ይህን የተሸሸገ ገጽ ለማየት የሚያስችል ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ክራፍ በጃንዋሪ 11 ቀን 1810 በደቡብ ጀርመን በቱቢንገን ከተማ አጠገብ ዴሬንዲንገን በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ኑሮው የተደላደለ ገበሬ ነበር። ልጁ ዐሥራ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው አንድ ጎረቤት ባላጠፋው ጥፋት ክፉኛ ደበደበውና ስድስት ወር ያህል ታምሞ ተኛ። በዚያ የሕመም ጊዜ ከመጻሕፍት ጋር ተዋደደ፤ ሲድንም እርሻውን ትቶ በቱቢንገን ወደሚገኝ የላቲን ትምህርት ቤት ገባ።

በተማሪነቱ ዘመን የዓለምን ክፍሎች የሚያሳይ የካርታ መጽሐፍ እጁ ገባ። ልጁ ገጾቹን ሲያገላብጥ የአፍሪካ ምሥራቃዊ ክንፍ ላይ ዓይኑ ቆመ። በአዳልና በሶማሌ ምድር ላይ ስም የለም ማለት ይቻል ነበር፤ ወረቀቱ ነጭ ነው። በዚያው ሰሞን ስለ አቢሲኒያ የተጻፈ አንድ የጉዞ መጽሐፍ ያነብ ነበርና፣ በመጽሐፉ ውስጥ ጅብ በብዛት ስለሚነሣ፣ ያ ነጭ ቦታ ማንም ያልረገጠው የጅብ ምድር መሆን አለበት ብሎ በልቡ ደመደመ። ከብዙ ዓመታት በኋላ የሕይወት ታሪኩን ሲጽፍ ይህን የልጅነት ሐሳብ አልረሳውም።

ያ ነጭ ቦታ እንዴት እንደ መጣ ማወቅ ይገባል። ከዚያ በፊት በነበሩት ዘመናት የአውሮፓ ካርታ ቀራጮች ባዶ ቦታ መተው እንደ ነውር ይቈጥሩ ነበር። የአንትወርፑ ኦርቴሊዩስ በ1573 ባወጣው የኢትዮጵያ ካርታ የቄሱ ዮሐንስ የሚባለውን ንጉሥ ግዛት ከምድር ወገብ አሳልፎ ወደ ደቡብ ዘርግቶታል። ሌሎችም የማያውቁትን ምድር በዝሆን፣ በአንበሳና በሐሳብ ተራሮች ይሞሉት ነበር። ይህን ያረመው በዋናነት የአንድ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ቃል ነው። የአማራ ሳይንት አካባቢ ትገኝ የነበረችው የመካነ ሥላሴ ሰው አባ ጎርጎርዮስ በ1649 በሮም ከጀርመናዊው ሊቅ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ በ1652ም ወደ ጎታ ሄደው የሀገራቸውን አውራጃዎች፣ ወንዞችና ሥርዓት ነገሩት። ሉዶልፍ በ1683 ባሳተመው ካርታ ኢትዮጵያ ከሐሳብ ዓለም ወደ መሬቷ ወረደች። አባ ጎርጎርዮስ ግን ካርታውን አላዩትም፤ በ1658 ወደ ሀገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ በመርከብ አደጋ ሞተዋል። ከእነርሱ በኋላ የመጣው ፈረንሳዊው ዳንቪል በ1749 በአፍሪካ ካርታው ላይ ማስረጃ የሌለውን ሁሉ ፍቆ አወጣው። ነጩ ቦታ እንግዲህ የሐቀኝነት ፍሬ ነበር። ሆኖም ያልታወቀ ማለት ለአውሮፓ ያልታወቀ ማለት ነው። ዳንቪል ባዶ በተወው በዚያው ምድር የአፋር ቅፍለቶች የአሳልን ሐይቅ ጨው በግመል ጭነው ወደ ሸዋ ገበያ ይወጡ ነበር፤ የውኃ ጉድጓዱንና የማረፊያ ጥላውን ሁሉ በስሙ ያውቁታል። ልጁ ክራፍ ይህን የሚነግረው አልነበረም።

ክራፍ በባዝል ከተማ በሚገኘው የሚስዮናውያን ትምህርት ቤትና በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ ተማረ፤ ለእንግሊዙ የቤተ ክርስቲያን ሚስዮን ማኅበር ተቀጥሮም በ1837 ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። በመንገድ ላይ ግዕዝና አማርኛ ያጠና ነበር። መጀመሪያ የደረሰው ዐድዋ ሲሆን ደጃዝማች ውቤ በ1838 እርሱንና ባልንጀሮቹን ከሀገራቸው አስወጧቸው። የሰሜኑ በር ሲዘጋበት ዓይኑን ወደ ሸዋ መለሰ። ከካርል ኢዘንበርግ ጋር በመሆን በ1839 የጸደይ ወራት ከታጁራ ተነሥቶ፣ በልጅነቱ ነጭ ሆኖ ባየው ምድር ላይ በግመል ተጓዘ። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የሚገኘውን የአሳልን የጨው ሐይቅ አየ፤ አዋሽን ተሻገረ፤ በጁን ወር መጀመሪያም ከቆላው ወደ ሸዋ ደጋ ወጣ። ባዶ ያለው ስፍራ በሰው የተሞላ ነበር። የመንገዱ ጌቶች ክፍያ የሚቀበሉ የአፋር ባላባቶች ናቸው፤ ያለ እነርሱ ፈቃድና መሪነት አንድ አውሮፓዊ አንኮበር መድረስ አይችልም ነበር።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እንግዶቹን በደግነት ተቀበሏቸው። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ አውሮፓ ሲመለስ ክራፍ ብቻውን ቀረ፤ ሸዋ ውስጥም ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ተቀመጠ። የሁለቱ ፍላጎት ግን ለየቅል ነበር። ክራፍ የመጣው ወንጌልን በራሱ መንገድ ሊያስተምር ነው። ንጉሡ የፈለጉት ጠመንጃ፣ ባለሙያና ከባሕር ማዶ መንግሥታት ጋር ወዳጅነት ነበር፤ የጥንቷን ቤተ ክርስቲያን ሃይማኖት የሚለውጥ ሰባኪ አልነበረም። ሣህለ ሥላሴ ሌላም ነገር ያውቁ ነበር፤ ወደ ግዛታቸው የሚገባውና የሚወጣው መንገድ ሀብታቸውና ጋሻቸው መሆኑን። እንግዳ ሁሉ በፈቃዳቸው ይገባል፤ በፈቃዳቸው ይወጣል። የአውሮፓ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ጥርጣሬ ጽፈውታል። በኋላ የሆነውን ለሚያውቅ ግን ጥርጣሬው ጥበብ ነበር።

በ1840 መጀመሪያ ክራፍ ንጉሡን ተከትሎ ወደ ደቡብ በተደረገ ዘመቻ ሄደ፤ በዚህም ዛሬ አዲስ አበባ የተቈረቈረችበትን አካባቢ አየ። በመንገድ ሁሉ የወንዞችን፣ የተራሮችንና የጎሣዎችን ስም ይጠይቃል፤ ይጽፋልም። የኦሮሞን ቋንቋ አጥንቶ በ1840 የሰዋስው መጽሐፍ አሳተመ። የብራና መጻሕፍትን እያሰባሰበ ወደ ቱቢንገን ላከ፤ የትውልድ አካባቢው ዩኒቨርሲቲም በ1842 የክብር ዶክትሬት ሰጠው።

ይሁን እንጂ ከጻፈው ብዙው ያላየው ነው። ከሸዋ ደቡብና ምዕራብ ስላሉት ስለ እናርያ፣ ስለ ከፋና ስለ ጉራጌ የሰማው ከነጋዴዎች፣ ከመንገደኞችና ከባሮች ነበር። ከእነዚህ መካከል አንዱ በስም ይታወቃል። ዲልቦ የሚባለው የእናርያ ተወላጅ በባርነት ተሽጦ አንኮበር የደረሰ ሰው ነበር፤ ክራፍ ወደ ሌላ ስፍራ ሲሄድ ቤቱን እንዲጠብቅ በንጉሡ ትእዛዝ ተመድቦለት ነበር። ስለ እናርያና ስለ ከፋ፣ ከእነርሱም ወዲያ ስለሚኖሩ ቁመተ አጭር ሕዝቦች የነገረውን ክራፍ ጽፎ ለአውሮፓ አንባቢ አደረሰው። ስለ ቁመተ አጭሮቹ ሕዝቦች በአውሮፓ ብዙ ተከራከሩ፤ ዲልቦ እንዴት ከቤቱ ተወስዶ እንደ ተሸጠ የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። ካርታ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ እንዲህ ያለ ነበር፤ ከተወለደበት ቀዬ በግድ የተነቀለ ሰው ትዝታ።

በ1841 በካፒቴን ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ብዙ ስጦታ ጭኖ ሸዋ ገባ። ክራፍ ቋንቋውንና ቤተ መንግሥቱን ያውቅ ስለነበር ለመልእክተኞቹ ትልቅ ረዳት ሆነ፤ በኖቬምበር 1841ም የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። ሰባኪው ከዚህ ቀን ጀምሮ በመንግሥታት ጉዳይ ውስጥ እጁን አስገብቷል። ለሸዋ ሰው እርሱና መልእክተኞቹ የተለያዩ ሰዎች መሆናቸው የሚታይ አልነበረም፤ ይህንንም መክፈሉ አልቀረም።

በማግስቱ ዓመት በማርች ወር ከአንኮበር ወጣ። አሳቡ በጎንደር በኩል አልፎ አዲስ ከመጡት ጳጳስ ከአቡነ ሰላማ ጋር ለመገናኘት፣ ከዚያም ወደ ግብፅ ወርዶ ሮዚኔ ዲትሪሽ የተባለች እጮኛውን አግብቶ ለመመለስ ነበር። ሰላ ድንጋይ ላይ ያረፈው በዚህ ጉዞ ነው።

ሰላ ድንጋይ በዚያ ጊዜ ተራ መንደር አልነበረችም። ራስ ወሰን ሰገድ በ1813 ሲገደሉ ልጃቸው ሣህለ ሥላሴ በሰላ ድንጋይ ገዳም በትምህርት ላይ ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው በኩሬ አልጋውን ሳይዙ ብላቴናው ከሰላ ድንጋይ ተነሥተው ወደ ቁንዲ ገሠገሡ፤ በእናታቸው በወይዘሮ ዘነበወርቅ የመንዝ ዘመዶች ድጋፍም ሥልጣኑን ያዙ። ሣህለ ሥላሴ እስከ 1847 በቆየው ረጅም የግዛት ዘመናቸው ለእናታቸው ያላቸው አክብሮት አልጎደለም። ወይዘሮዋ በሰላ ድንጋይ ተቀምጠው የሸዋን ሰፊ ክፍል በራሳቸው ሹማምንት ያስተዳድሩ ነበር፤ ክራፍ የግዛታቸውን ስፋት የሸዋን እኩሌታ ሊደርስ ጥቂት የቀረው አድርጎ ገምቶታል። ወደ ሰሜን የሚወጣ መንገደኛ ፊታቸው ቀርቦ መሰናበቱ እንግዲህ የአክብሮት ብቻ ሳይሆን የግድም ጉዳይ ነበር። ክራፍም ቀርቦ ስጦታውን አቀረበ፤ በመልካም ተሸኝቶም መንገዱን ቀጠለ።

የተጉለት ደጋ ጫፍ ላይ ሆኖ ቁልቁል የሚያይ ሰው ይህን ምድር በወረቀት ላይ ማስፈር ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ይገባዋል። እፊት ለፊት የሚታየው ደጋ በድምፅ ጥሪ የሚደረስበት ይመስላል፤ መካከሉ ግን ቁልቁለቱንና አቀበቱን ለሚያውቀው የቀን መንገድ የሚፈጅ ገደል ነው። ካርታ ሠሪ ርቀትን የሚቈጥረው በአሞራ በረራ ነው፤ በሬውን የሚነዳ ገበሬ ደግሞ በእግሩና በድካሙ። የዚያ ዘመን መንገደኛ የተጓዘበትን ሰዓት ይቈጥራል፤ በኮምፓስ አቅጣጫውን ይይዛል፤ የተቀረውን በግምት ይሞላል።

ክራፍ ከሸዋ ወጥቶ ወሎ እንደ ገባ መከራ ገጠመው። አዳራ ቢሌ የተባለው የአካባቢው ባላባት በወዳጅነት ተቀብሎ ካሳደረው በኋላ አሰረው፤ ያለውንም ዘረፈው። ሲለቀቅ እርቃኑን ሊቀር ጥቂት ቀርቶት እየለመነ በተከዜና በትግራይ ምድር አልፎ በሜይ ወር መግቢያ ምጽዋ ደረሰ። በግብፅ ከሮዚኔ ጋር ተጋባ። ወደ ሸዋ ለመመለስ ታጁራ ሲደርስ ግን በሩ ተዘግቶ ቆየው፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግዲህ እርሱንና ባልንጀሮቹን አልፈለጉም። ሰላ ድንጋይንም አንኮበርንም ዳግመኛ አላያቸውም።

ማስታወሻው ግን ተርፎ ለንደን ገብቶ ነበር። በ1843 ሲታተም የመግቢያውን የጂኦግራፊ ሐተታ የጻፈው ጄምስ ማክዊን የተባለ ስኮትላንዳዊ ነው። ማክዊን አፍሪካን በእግሩ ረግጦ የማያውቅ ሰው ነበር። ወጣት ሳለ በካሪቢያን ባሕር በግሬናዳ ደሴት የሸንኮራ አገዳ እርሻ ያስተዳድር ነበር፤ ስለ ኒጀር ወንዝ ማጥናት የጀመረውም በእርሻው ከሚሠሩት አፍሪካውያን ባሮች እየጠየቀ ነው። ኒጀር ወደ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ እንደሚገባ ከወንበሩ ሳይነሣ መደምደሙና እውነት መሆኑ ስም አትርፎለታል። ባርነትን ይደግፍ የነበረ ሰው የእውቀቱን መነሻ ከባሮች አፍ ማግኘቱ የዚህ ሥራ ትልቁ ምፀት ነው። የሸዋንም ነገር እንዲሁ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከክራፍና ከኢዘንበርግ ጽሑፍ አበጠረው።

ካርታዎቹን የቀረጸው የጆን አሮውስሚዝ ቤት ነው። አሮውስሚዝ በዘመኑ በለንደን ከተማ ከሁሉ የተመሰገነ ካርታ ሠሪ፣ የንጉሣዊውን ጂኦግራፊ ማኅበር ከመሠረቱት ሰዎችም አንዱ ነበር። የዚያ ዘመን የካርታ ቅርጽ ሥራ ትዕግሥትን የሚፈትን ጥበብ ነው። አንድ የመዳብ ሰሌዳ እንደ መስታወት እስኪያበራ ድረስ ይለሰልሳል። ቀራጩ ሹል የብረት መቅረጫውን በመዳፉ ይዞ ሰሌዳውን እየገፋ ጠባብ ቦይ ያወጣል። የሚጽፈው ሁሉ ተገልብጦ ነው፤ ምሥራቁ በግራ፣ ምዕራቡ በቀኝ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ፊደልም ከቀኝ ወደ ግራ በግልባጩ ይቀረጻል። ከዚያ ቀለም በሰሌዳው ላይ ይለቀለቅና ገጹ ይጠረጋል፤ ቀለሙ በቦዮቹ ውስጥ ብቻ ይቀራል። በእርጥብ ወረቀት ሸፍነው በሁለት ከባድ ጥቅልሎች መካከል ሲያሳልፉት ወረቀቱ ቀለሙን ከቦዩ መጥጦ ያወጣዋል። ለዚህ ነው በጥንቱ ካርታ ላይ ጣትን ሲያሳልፉ መስመሩ ከፍ ብሎ የሚዳሰሰው። ስሕተት የተገኘ እንደሆነ ሰሌዳው በጀርባው በመዶሻ ይመታል፤ ፊቱ እንደገና ይለሰልስና ሌላ ስም ይቀረጽበታል። ብራና ፍቆ የሚያርም ጸሐፊ የሚያውቀው ዓይነት ድካም ነው።

ተራሮች የሚሣሉት ከላይ ወደ ታች በሚወርዱ እንደ ፀጉር በቀጠኑ ጭረቶች ነበር። ገደሉ በበረታ ቁጥር ጭረቱ ይጠቁራል። ዘዴው ለዓይን ያማረ ነው፤ ለሰሜን ሸዋ መልክዐ ምድር ግን አይመችም። ጭረቱ የመንዝንና የተጉለትን ሜዳማ ደጋ ነጭ አድርጎ፣ ዳሩን ብቻ ያጠቁረዋል። ካርታውን የሚያይ የለንደን ሰው ዓይኑ ወደ ገደሉ ይሄዳል፤ ገብስ የሚዘራበት፣ በግ የሚሰማራበት፣ ሕዝቡ የሚኖርበት ሜዳ ባዶ መስሎ ይታየዋል።

ስሞቹም በብዙ ወንፊት ያለፉ ናቸው። የሸዋው ሰው ይናገራል፤ ጀርመናዊው በጀርመንኛ ጆሮው ሰምቶ በላቲን ፊደል ይጽፋል፤ ስኮትላንዳዊው ያስተካክላል፤ እንግሊዛዊው ቀራጭ ምን ማለት እንደሆነ ሳያውቅ ገልብጦ ይቀርጻል። የላቲን ፊደል ቀን፣ ጠን፣ ጨን፣ ጸን የሚለይበት ምልክት የለውምና ቁንዲ ስትጻፍ ኩንዲ ትሆናለች። የስም ስሕተት እንደ ቀላል መታየት የለበትም። ከ53 ዓመት በኋላ፣ በ1896፣ በዐድዋ ጦርነት ዋዜማ የኢጣሊያ አዛዦች በያዙት ንድፍ ካርታ ላይ ኪዳነ ምሕረት የተባለው ኮረብታ ያለ ቦታው ተጽፎ ነበር። ጄኔራል አልቤርቶኔ እውነተኛውን ኪዳነ ምሕረት ፍለጋ ጦሩን ከሌሎቹ ነጥሎ ሩቅ ወሰደው፤ ለኢትዮጵያውያንም ጦር ተጋለጠ።

የተጓዥ ካርታ ሌላም ጠባይ አለው። መንገደኛው ባለፈበት ግራና ቀኝ ትንሹ መንደር እንኳ ስም ያገኛል፤ እግሩ ባልደረሰበት ትልቁ ገበያ ይጠፋል። ከተማ ነጥብ ነው። ነጥቡ በማን ሥልጣን እንደሚተዳደር፣ በግቢው ውስጥ የንጉሡ እናት ተቀምጠው የሸዋን ሰፊ ክፍል እንደሚዳኙ አይናገርም። ሰላ ድንጋይ በክራፍ መጽሐፍ ውስጥ የወይዘሮ ዘነበወርቅ መናገሻ ናት፤ በካርታ ቋንቋ ግን ከአንኮበር ወደ ሰሜን በሚወጣው መንገድ ላይ የምትገኝ አንዲት ማረፊያ ከመሆን አታልፍም። ካርታው የተሠራው ከባሕር ወደ ደጋ ለሚመጣ ሰው ነው፤ በደጋው ለሚኖር አይደለም። በዚህ ረገድ የክራፍ ባልንጀራ ኢዘንበርግ በ1840ዎቹ መጀመሪያ በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ማሳተሙ ሊጠቀስ የሚገባው ነው፤ እውቀቱ ቢያንስ በአንድ በኩል ወደ ሀገሬው እንዲመለስ አስቦ ነበር።

ሸዋ የተዘጋበት ክራፍ በ1844 ከሚስቱ ጋር ወደ ሞምባሳ ወረደ። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ሮዚኔና አዲስ የተወለደችው ልጃቸው በንዳድ ሞቱ። እርሱም በበሽታው ተይዞ አልጋ ላይ ነበር። ከዚህ ሐዘን በኋላ የያዘው ሥራ የስዋሂሊ ቋንቋ ጥናትና የመሬት አሰሳ ነበር። ባልንጀራው ዮሐንስ ሬብማን በ1848 የኪሊማንጃሮን በረዶ አየ፤ ክራፍ ራሱም በዲሴምበር 1849 ኪቱይ ከምትባል ስፍራ የኬንያን ተራራ ተመለከተ። ስለ ተራራው አስቀድሞ የነገረው ኪቮይ የተባለ የካምባ ነጋዴና አለቃ ነበር። ለንደን ላይ ግን አፍሪካን ያላየው ዊልያም ኩሊ በምድር ወገብ ላይ በረዶ ሊኖር አይችልም ብሎ ሁለቱንም አስተባበላቸው። ሌሎች መንገደኞች ሄደው እስኪያረጋግጡ ድረስ ብዙ ሰው ኩሊን አመነ። ክራፍ ከማክዊን ያገኘውን ጥቅም በኩሊ ከፈለው፤ ወንበር ላይ የሚሠራ ካርታ ለሁለቱም ያገለግላል።

ከእርሱ ጋር የሠሩት ሬብማንና ኤርሃርት ከባሕር ዳርቻ ነጋዴዎች የሰሙትን አጠራቅመው በ1856 አንድ ካርታ በጀርመን አሳተሙ። በምሥራቅ አፍሪካ መካከል ቀንድ አውጣ የመሰለ አንድ ግዙፍ ሐይቅ ይታያል። ነጋዴዎቹ የተናገሩት ስለ ተለያዩ ሐይቆች ነበር፤ ጽሑፉን የቀዱት ሰዎች አንድ አደረጉት። ያ ስሕተት ያለበት ካርታ የእንግሊዝን ማኅበር አነሣሣና በርተንና ስፒክ በ1857 ታላላቆቹን ሐይቆች ፍለጋ ሄዱ።

ክራፍ ኢትዮጵያን ሁለት ጊዜ መልሶ ረግጧል። በ1855 ከማርቲን ፍላድ ጋር መጥቶ ገና ዘውድ ከጫኑት ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ተገናኘ። ሁለተኛው መምጣቱ ግን ከመጀመሪያው ፈጽሞ የተለየ ነው። በ1867 መጨረሻ የእንግሊዝ መንግሥት በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ጦር ወደ መቅደላ ሲልክ፣ ሀገሩንና ቋንቋውን የሚያውቅ አስተርጓሚ ያስፈልገው ነበርና ሽማግሌውን ክራፍን አሰለፈው። በስብከት የተጀመረ እውቀት በመድፍ አጠገብ ቆመ። ክራፍ መቅደላ ሳይደርስ ታመመና ወደ ጀርመን ተመለሰ። ዐፄ ቴዎድሮስ በኤፕሪል 13 ቀን 1868 ራሳቸውን ሲሠዉ፣ የአምባው መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ሲዘረፉ እርሱ በዚያ አልነበረም። የካርታና የቋንቋ ሰው ጦር መሪ አይደለም፤ ነገር ግን መንገድ የሚያሳይ ሁሉ መንገዱን ማን እንደሚሄድበት መምረጥ አይችልም። ሣህለ ሥላሴ በሩን የዘጉት ከ25 ዓመት በፊት ነበር።

የሕይወቱን መጨረሻ በሽቱትጋርት አጠገብ በምትገኝ ኮርንታል በተባለች ከተማ አሳለፈ። በዚያም የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ለኅትመት ያርም፣ የስዋሂሊ መዝገበ ቃላቱንም ያሰናዳ ነበር። በኖቬምበር 26 ቀን 1881 ከአልጋው አጠገብ ተንበርክኮ እንደ ጸለየ ሞቶ ተገኘ። መዝገበ ቃላቱ በማግስቱ ዓመት በለንደን ወጣ።

በዚያን ጊዜ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ምኒልክ በሸዋ ነግሠዋል። ከአንኮበር አጠገብ በልጥ ማረፊያ የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች ምኒልክ በፈቀዱላቸው መሬት ላይ ሰፍረው፣ ወፍና ዕፀዋት እየሰበሰቡ አዲስ ካርታ ይሠሩ ነበር።